ፖሎትስክና ባዶው ክፍል

ፖሎትስክን የመረጥኳት እኔ አይደለሁም። የታሪክ ፕሮፌሰራችን ስለ ጥንቶቹ የምሥራቅ ስላቮች ግዛቶች የምንጽፍባቸውን ርዕሶች ሲያከፋፍሉ፣ ኪየቭን፣ ኖቭጎሮድንና ሞስኮን ሌሎች ተሻሟቸው። በመጨረሻ «ፖሎትስክን ማን ይውሰድ?» ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ ዝም አለ። አስተማሪ ጠይቆ መልስ ሲያጣ የማፍረው እኔ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እጄን አወጣሁ። አመሰገኑኝ። ወደ ቤት ስመለስ ባስ ላይ ስልኬን ከፍቼ ፈለግኳት። ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር፣ በድቪና ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን የራሷ መሳፍንት ነበሯት። ከዚህ ሌላ ስለ እሷ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ማስገባት፣ ክፍሉ ፊትም ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ።

የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአባቴ ታናናሾች ጋር ነው። አፓርታማው ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ዴን አለው። ዴን የሚሉት መስኮት የሌለውን ጠባብ ክፍል ነው፤ አከራዮቹ ለቢሮ ነው ይላሉ፣ እኛ ሰው እናስተኛበታለን። እኔ ስመጣ በትልቁ ክፍል ትልቁ አጎቴ፣ በሁለተኛው አክስቴ፣ በዴኑ ትንሹ አጎቴ ነበሩ። ለእኔ የቀረው የሳሎኑ ሶፋ ነው። ይህን ድልድል ማንም ተቀምጦ አላወጣውም። ከአገር ቤት የመጣ ሁሉ ከሶፋው ይጀምራል፤ ከላይ ያለው ቤት ለቆ ሲወጣ የቀሩት አንድ አንድ ከፍ ይላሉ። ትንሹ አጎቴም ዴኑን ያገኘው ሶፋው ላይ ከርሞ ነው።

አባቴ የሁሉም ታላቅ ነበር። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ሦስቱንም ያሳደጋቸው እሱ ነው። እነሱ አንድ በአንድ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ እሱ እየሸኘ ቀረ፤ የራሱ ጉዞ ሊሳካ ሲል ሞተ። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የታላቃቸው ልጅ ብሆንም የቤቱ ታናሽ ነበርኩ። ስለዚህ ሶፋው አላስከፋኝም።

ያስቸገረኝ በር ማጣቴ ነው። ትንሹ አጎቴ ታክሲ ይነዳል። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ይመጣና ቲቪውን ከፍቶ ሶፋው ጫፍ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቲቪውን ሳጠፋው ዓይኑን ሳይገልጥ «እያየሁ ነው እኮ» ይለኛል። አክስቴ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ። እረፍታቸው በሆነ ቀን የማኅበር እህቶቻቸው ይመጣሉ። እንግዳ ሲገባ ተነስቼ መሳም አለብኝ፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል።

«ምን ትማራለህ የኔ ልጅ?»

«አሁን ታሪክ እየወሰድኩ ነው።»

«ታሪክ ብቻ? ነርሲንጉስ?»

ስለዚህ ፖሎትስክን አንድ ቦታ ተቀምጬ አንብቤያት አላውቅም። ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል እጀምራለሁ፤ ማድረቂያው ሲጮህ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፤ እዚያ ወንበር ሳጣ ባስ ይዤ እስከ በልትስቪል እያነበብኩ ደርሼ በዚያው እመለሳለሁ። አንድ አንቀጽ ሲልቨር ስፕሪንግ ጀምሬ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በልትስቪል ያነበብኩበት ቀን አለ። እግሬ መቀመጥ ረሳ። በክፍል ውስጥም ቢሆን ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ፕሮፌሰሩን እያዳመጥኩ፣ አሁን ማን ሊያስነሳኝ ይመጣ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ።

እንዲህ እየዞርኩ ሳነብ ነው መሰላል ስለሚሉት የውርስ ሥርዓት ያወቅኩት። በኪየቭ ምድር ትልቁ መስፍን ሲሞት ዙፋኑን የሚይዘው ልጁ ሳይሆን የሚቀጥለው ወንድሙ ነው። የእሱን ከተማ ደግሞ ታናሹ ይይዛል፤ የታናሹን ሌላው። አንድ ሰው ሲሞት አንድ ቤተሰብ በሙሉ ሚስቱን፣ ጭፍሮቹንና ቄሱን አስከትሎ መንገድ ይገባል። ሥርዓቱ በእርግጥ ይህን ያህል ደንቡን ጠብቆ ይሠራ እንደሆነ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ይህንንም በግርጌ ማስታወሻ ጻፍኩ፣ ፕሮፌሰሩ የግርጌ ማስታወሻ ይወዳሉ። ያን ጊዜ ግን ባስ ውስጥ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ብቻዬን ሳቅኩ። የእኛ አፓርታማ ነበር። ሶፋውና ዴኑ ብቻ ናቸው የጎደሉት።

ቀጥሎ ያለው ገጽ አላሳቀኝም። አባቱ ዙፋን ላይ ሳይደርስ የሞተበት ልጅ ከመሰላሉ ይወጣል ይላል። የፖሎትስክ መሳፍንት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያን ምድር ያስጠመቀው ንጉሥ ከልጆቹ አንዱን ፖሎትስክ ላይ ሾመው። ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ የእሱ ዘር ኪየቭን የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ሌሎቹ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወሩ፣ የፖሎትስኮቹ እዚያው ወንዛቸው ዳር ቀሩ። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባሱ ቆሞ ነጂው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ አልወረድኩም።

በመኸር ትልቁ አጎቴ ውድብሪጅ ላይ ታውንሃውስ ገዙ፤ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ሊመጡ ነበር። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አክስቴ ወደ ትልቁ ክፍል፣ ትንሹ አጎቴ ወደ ሁለተኛው፣ እኔ ወደ ዴኑ። መስኮት አልፈለግኩም። የምዘጋው በር ብቻ ነው የፈለግኩት። ጠረጴዛዬን የማስቀምጥበትን ጥግ በዓይኔ ለክቼ ነበር።

ዕቃቸውን አራግፈን ስንመለስ ሦስታችን ባዶው ክፍል በር ላይ ቆምን። ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ምንጣፉ ላይ አልጋው የነበረበት ቦታ ይታያል።

«እንግዲህ ግቢያ» አለ ትንሹ አጎቴ ለአክስቴ።

«እኔ ሰፊ ክፍል ምን ያደርግልኛል? የምውለው ሥራ ላይ። አንተ ግባ፣ ትንሽ ፀሐይ ይይህ።»

«ታላቄን ዘልዬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የምን ሰው? ማን አለ እዚህ?»

«አንቺ አለሽ አይደል።»

አክስቴ ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግባ እስቲ። ተማሪ ነህ፣ ጸጥታ ትፈልጋለህ።»

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ።»

«ግባ እንጂ፣ በሞቴ።»

«እንዴት ብዬ? ሶፋው እኮ ተመችቶኛል።»

«የምር ነው፣ ግባ አንተ» አለ ትንሹ አጎቴ።

«አይሆንም። እናንተ እያላችሁ አይሆንም» አልኩ።

ይህን ስል ልቤ ሞላ። ደህና የተቀጣ ልጅ የሚመልሰውን መለስኩ። ቤታችን ውስጥ የመጀመሪያው «ግባ»፣ «ብላ»፣ «ቁጭ በል» ለወግ ነው፤ ሁለተኛውም ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ እሺ ያለ ሰው ስሙ ይነሳል። አክስቴ ትንሽ አዩኝና የክፍሉን በር ቀስ ብለው ዘጉት። ትንሹ አጎቴም ወደ ዴኑ ገባ። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ነገ አንዳቸው ይገባሉ ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ማንም አልገባም። በሚቀጥለው ሳምንትም። ክፍሉ ባዶውን ከረመ። አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገብተው ይጠርጉታል፤ በሩን መልሰው ይዘጉታል። ትንሹ አጎቴ መስኮት በሌለው ዴን ውስጥ ያስላል። እኔ የቀረውን መጽሐፍ ይዤ ማድረቂያው አጠገብ እቀመጣለሁ። ለአራት እንከፍለው የነበረውን ኪራይ ለሦስት እየተካፈልን፣ ከሁሉ የሚሻለውን ክፍል አየር እናስተኛበት ነበር። ስለ ክፍሉ ማንም ቃል አይተነፍስም። መጠየቅ አልችልም፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን «ልግባ» ብል ያን ቀን ያልኩት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን ገባሁ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ማንበብ ጀመርኩ። ጸጥ ያለ ነበር። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ የአክስቴን ቁልፍ ሰማሁ። መጽሐፌን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እንደ ሌባ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ «ምነው ላብ በላብ ሆንክ?» አሉኝ። ስፖርት ሠራሁ አልኩ።

የእናቴ አብሮ አደግ ከከተማው ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። እናቴ ከአገር ቤት ነግራት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ በዚያ ሳምንት ኮል አደረገችልኝ።

«ቤዝመንቴን የተከራየው ልጅ ሙቭ አደረገ። ክፍሉ በር አለው፣ የራሱ ሻወር አለው። ና እይው። የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፣ እስከ እሁድ ቁርጡን ንገረኝ።»

ሄጄ አየሁት። በሜትሮ ከተማውን አቋርጬ፣ መስመር ቀይሬ፣ ወንዙን ተሻግሬ። ክፍሉ ከምድር በታች ቢሆንም ጥሩ ነው፤ በሣሩ ቁመት ልክ ትንሽ መስኮት አለው። በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ግን ኮሌጁ ሜሪላንድ ነው። በየቀኑ ይህን መንገድ መመላለስ ማለት እንደገና መንገድ ላይ ማንበብ ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ የአባቴ እህትና ወንድም እያሉ ልጁ ሰው ቤት ተከራየ መባሉ አለ። እሺም እምቢም ሳልላት ተመለስኩ።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ስለ ፖሎትስክ ላወራላቸው ወሰንኩ። ነገሩን በተዘዋዋሪ ይረዱታል የሚል ተስፋ ነበረኝ። መሰላሉን አስረዳሁ፣ ታላቅ ሲሄድ ታናሽ እንዴት ከፍ እንደሚል። ትንሹ አጎቴ እየጎረሰ ያዳምጣል።

«ታዲያ ተስማምተው ይኖሩ ነበር?»

«አይ፣ ይዋጉ ነበር። አንዱን የፖሎትስክ መስፍን የኪየቭ ወንድማማቾች ምንም አናደርግህም፣ ና እንነጋገር ብለው፣ መስቀል ስመው ማሉለት። ሲመጣ አሰሩት።»

አክስቴ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። «መስቀል ስመው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መስቀሉማ ዝም አይላቸውም።»

«ዜና መዋዕሉን የጻፈው መነኩሴም እንዲህ ነው ያለው። በኋላ የኪየቭ ሕዝብ ተነስቶ ፈታው።»

«አየህ?» አሉ ለትንሹ አጎቴ፣ እሱ የተከራከራቸው ይመስል።

«እኛስ ብልጥ ነበርን» አለ እሱ። «መሳፍንቱን ሰብስበን ግሸን አምባ ላይ ማሰር ነው። ማን ይዞራል ከከተማ ከተማ? ነዳጅ አይበቃም።»

«የዚያ መስፍን የልጅ ልጅ ደግሞ መነኮሰች» አልኩ። «መጻሕፍት በእጇ ትጽፍ ነበር። በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ሄዳ እዚያው ሞተች።»

«ኢየሩሳሌም? ታድላ» አሉ አክስቴ፤ ለራሳቸው የተመኙት ነገር እንደሆነ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ከዚያ ምግቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብላ። አይ ሰው፣ ለአንድ ወንበር ብሎ ወንድሙን። ይኸው እኛ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም፣ ተመስገን።»

«ፖሎትስክ፣ ውሃውን አቀብለኝ» አለ ትንሹ አጎቴ። ከዚያች ማታ ጀምሮ በዚህ ስም ጠራኝ። ውሃውን አቀበልኩት። የክፍሉ ነገር ሳይነሳ ትሪው ተነሳ።

አርብ ዕለት ክፍል ፊት ቆምኩ። ያዘጋጀሁትን ከጨረስኩ በኋላ፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ጠየቀችኝ። ያ መስፍን ከእስር ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? የኪየቭ ሰዎች ዙፋኑ ላይ አስቀመጡት፣ አልኩ። ከመሰላሉ የወጣውን ሰው፣ ራሳቸው ፈልገው። ወራት ብቻ ነው የቆየው። ጠላቶቹ ጦር ይዘው ሲመጡ አብሮት የነበረውን የኪየቭን ሠራዊት ሜዳ ላይ ትቶ፣ በሌሊት ወደ ፖሎትስክ ተመለሰ።

«ለምን?» አለች። «አንግሠውት የለም እንዴ?»

መጻሕፍቱ የሚሉትን ነገርኳት፤ ጦሩ በዝቶበት ይሆናል፣ የኪየቭን ሰዎች አላመነ ይሆናል። እሷ አሁንም ታየኛለች። «ምናልባት» አልኩ፣ «ከልባቸው መሆኑን አላመነም። መብት የለህም ሲባል ላደገ ሰው፣ ና ግባ ማለት እንግዳ ነገር ነው።»

ፕሮፌሰሩ ይህን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ከየትም አልኩ፣ የራሴ ግምት ነው። ምንጭ የሌለው ነገር በመናገሬ ጆሮዬ ጋለ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ጻፉና ግምት መሆኑን በግልጽ እስካልኩ ድረስ በጽሑፉም ውስጥ ላካትተው እንደምችል ነገሩኝ።

ቅዳሜ አክስቴ ልብስ እያጠፉ ነበር። ለአሌክሳንድሪያው ክፍል ቁርጡን ለመናገር ሌላ ቀን አልቀረኝም። አጠገባቸው ቆሜ ካልሲ ማጣመድ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አሌክሳንድሪያ ክፍል አግኝቻለሁ። ልገባ ነው።»

እጃቸው ቆመ። «ምን አጠፋን?»

«ኧረ ምንም። ለትምህርቱ ነው። በር ያለው ክፍል ፈልጌ።»

«በር?» አሉ። በእጃቸው የያዙትን ፎጣ ወደ ትልቁ ክፍል አወዛወዙት። «ያ ምንድን ነው ታዲያ? መጋረጃ ነው?»

«እሱማ የእርስዎ ነው። ተራው የእርስዎ ነው።»

«የእኔ?» ፎጣውን አስቀመጡት። «የአባትህ ነው እንጂ። አባትህ ቢኖር ማን ነበር እዚያ የሚተኛው? ወንድሜ ቤቱን ሲገዛ፣ ‹ክፍሉን ለልጁ ስጡት› ብሎ ነው የወጣው። ግባ አላልኩህም?»

«ለወግ መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«በሞቴ ብዬ ለወግ?»

የዴኑ በር ተከፈተ። ትንሹ አጎቴ ካናቴራውን እየለበሰ ወጣ፤ ሁሉንም ሰምቷል። «እኔስ የምር ነው አላልኩህም?»

«ሁሉም ሰው የምር ነው ይላል» አልኩ።

«እሱስ ልክ ነው» አለና ወደ አክስቴ ዞረ። «እውነቱን ነው።»

«መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ግቢ፣ ግባ ስትባባሉ ነበር እኮ» አልኩ።

«እሱማ ለወግ ነው» አለ ትንሹ አጎቴ፣ ይህ እንዴት ይጠፋሃል በሚል ድምፅ።

አክስቴ አልሳቁም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እናንተ እያላችሁ አይሆንም ስትል የአባትህን ነገር ማንሳት አልፈለገም አልኩ። ሀዘኑን ቀሰቀስኩበት ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ዘግቼ ጠበቅኩህ። እሱም» አሉ በአገጫቸው ወደ ወንድማቸው እያመለከቱ «ለዚህ ነው እዚያ ጨለማ ውስጥ ሲያስል የከረመው።»

«ፀሐይ ጠልቼ መስሎሃል?» አለ እሱ።

ካልሲዎቹን እንደያዝኩ ቆምኩ። አባቱ ሳይደርስ የሞተበት ልጅ ከመሰላሉ ይወጣል የሚለውን ከመጽሐፍ አንብቤ ወደ ቤቴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ማንም እንዲህ አላለኝም። ስለ ፖሎትስክ ያን ያህል ገጽ ሳነብ የእነዚህን የሁለቱን ፊት አንድ ጊዜ በቅጡ አላየሁም።

«እና አሁን ትሄዳለህ?» አሉ አክስቴ።

«ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አልኩ። እንዲህ ብዬ፣ በዚህ ቃል፣ ታላቅ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ትንሽ ከፍ አለብኝ መሰለኝ፣ ትንሹ አጎቴ ቅንድቡን አነሳ። «ግን አጎቴ ዴኑ ውስጥ እያለ—»

«ጀመረ ደግሞ» አለ። «እትዬ ዝም አሰኚልኝ።»

ፍራሹን ያመጣው እሱ ነው። አክስቴ ሁለቱን መስኮቶች በጋዜጣ ወለወሉ፤ ጠረጴዛው ኮሪደሩ ላይ አልዞር ብሎን ሦስታችን ተጨናንቀን ቆምን፤ እግሩን ፈተን አስገባነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሌክሳንድሪያ ደወልኩ።

«ቤዝመንቱን ለሌላ ሰው ብትሰጪው ይሻላል። እዚሁ ክፍል አገኘሁ።»

«ማንን አስወጥተህ?»

«ማንንም። ባዶ ነበር።»

«ባዶ ክፍል? ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ?» አለች። አላመነችኝም። ቅር እንዳላት ገባኝ፤ ለመጪው እሁድ ምሳ መጥቼ እንድበላ አስማለችኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩን ዘጋሁና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ጽሑፉ ማክሰኞ መግባት አለበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሰረዝኩት። ከሳሎን ምንም አይሰማም፤ ለእኔ ብለው ቲቪውን ዝቅ አድርገውታል። ተነስቼ ወደ አንዱ መስኮት ሄድኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ባስ ሲያልፍ አየሁ፤ ተሳፍሬ በልትስቪል ድረስ ብሄድ አሁን ጨርሼው ነበር ብዬ አሰብኩ። ወንበሩን አስተካከልኩ። መጽሐፉን ከፍቼ ዘጋሁት። በመጨረሻ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ትንሹ አጎቴ ሶፋው ላይ፣ እግሩን እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ዘርግቶ ተጋድሟል።

«ምነው፣ ጠበበህ?»

«ሰፋኝ።»

ሳቀ። «ትለምደዋለህ። ግባና ጻፍ።»

ሁለተኛ እስኪለኝ አልጠበቅኩም።